ያልከለከልኩት ምርቃት

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ጀምሮ ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ስለ ፎቁ ቁመትና ስለ ብርዱ። ፎቁን አንጋጥጬ አይቼዋለሁ፤ ሌላ የምለው የለኝም። ብርዱን በተመለከተ «የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ አይፈራም» ብዬ ደረቴን ነፍቼ መሄዴን አልደብቅም፤ የገጠመኝን ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ። ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ፎቅም ብርድም አይደለም። እዚያ ሀገር በገዛ ጨዋነቴ የልጄን ሠርግ ላፈርስ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። አሁን ቤቴ ገብቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ ሳስበው እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን ሳቅ የሚባል ነገር ጠፍቶብኝ ነበር።

«ልጄ» ያልኳት ሰላማዊት የሟች እህቴ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና ትምህርት ቤት አልገባችም፤ አባቷም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አስተማሪ ስለነበርኩ ፊደል ያስቆጠርኳትም እኔው ነኝ። ዲቪ ደርሷት ወደ ሚኒያፖሊስ ሄደች፤ ክሪስታል በሚባል ሰፈር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ደውላ፣

«አክስቴ፣ ላገባ ነው። ያለ አንቺ ግን አላገባም» አለችኝ።

ማንን ስላት፣ ፓውሎ የሚባል ልጅ ነው፣ ቤተሰቦቹ ከፖርቱጋል፣ በባሕር መሃል ካለች ደሴት የመጡ ናቸው አለችኝ። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ምነው የሀገር ልጅ ጠፍቶ ነው?» አልኩ። ለቀልድ ነበር። እሷም ነገሩን ወደ ሌላ አዞረችው።

«ከእኔ በኩል የሚመርቀን ሽማግሌ አንቺ ብቻ ነሽ» አለች። «እነሱ ቤት ደግሞ ያለ ምርቃት ምንም ነገር አይሆንም። አያቱን ብታያት!»

መመረቅማ ምን ገዶኝ! የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ለፈተና ሲሄድ፣ ወታደር ሲሄድ፣ ዐረብ ሀገር ሲሄድ እኔ ደጅ ቆሞ ተመርቆ ነው የሚያልፈው። ፓውሎ የሚለውን ስም ምላሴ እምቢ ስላለኝ ጳውሎስ አልኩት፤ እስከ መጨረሻውም ጳውሎስ ነው ያልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ወረድኩ። ለሙሽሮቹ የያዝኩት ስጦታ የከተማችን ፋብሪካ የሠራቸው ሁለት ወፋፍራም ብርድ ልብሶች ነበሩ። አውሮፕላን ጣቢያ ሻንጣዬን የመዘነችው ልጅ ራሷን ነቀነቀች። «እማማ፣ ኪሎው አልፏል። የሆነ ነገር ይቀንሱ» አለችኝ። ሽሮውን ልቀንስ? በርበሬውን? አንዱን ብርድ ልብስ አወጣሁና በጋቢዬ ላይ ተከናነብኩት። ልጅቷ እየሳቀች አሳለፈችኝ። እንደ እህል ከረጢት ተጠቅልዬ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ አስተናጋጇ ደግሞ የአውሮፕላኑን ብርድ ልብስ አመጣችልኝ። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ከነጠላ የማይሻል ስስ ነገር ነው። እኛ ጋ ይህን «ብርድ ልብስ» ብሎ የሸጠ ሰው ገበያ መሃል ይሰደባል።

አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ስቀይር መንገዱ ጠፋኝ። ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ እኔ ከነብርድ ልብሴ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። የእንግሊዝኛዬ ነገር ከመማሪያ መጽሐፍ አልፎ አያውቅም፤ የጠየቅኩት ፖሊስም የመለሰልኝ አልገባኝም። ያኔ አንዲት ጥቁር ጅልባብ የለበሰች ሴት መጥታ በአማርኛ «እናቴ፣ ሚኒያፖሊስ ነሽ?» አለችኝ። ሀሊማ ትባላለች፣ የጅጅጋ ልጅ ናት። ትኬቴን አንብባ፣ ብርድ ልብሴን ከላዬ ላይ ገፍፋ በራሷ ትከሻ አድርጋ፣ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። እስክንሳፈር ድረስ ሻይ ገዝታ አጠጣችኝ። ሀሊማ ባትኖር ኖሮ ይህ ማስታወሻ የሚጻፈው ከአውሮፓ ነበር።

ሰኞ ደረስን። ሰላማዊት ከሩቅ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለታችንም ተላቀስን። አድጋለች፣ ወፍራለች፣ አምሮባታል። ከዚያ «መኪናውን ላምጣው፣ ፓርክ ያደረግኩት ሩቅ ነው» ብላ ጳውሎስን ከእኔ ጋር ትታው ሄደች። ረዥም፣ ጥቁር ፀጉር ያለው፣ ጆሮው ቀላ ያለ ልጅ ነው። ፊቴ ቆመና ራሱን ዝቅ አደረገ። ቀኝ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፣ የማላውቀውን አንድ ነገር በቀስታ ተናገረና ሊስመው ጎንበስ አለ።

እኔ ደግሞ ማንም በወግ ያደገ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። «ኧረ በስመ አብ! ተው ልጄ፣ አይገባም!» ብዬ እጄን ነጠቅኩት።

ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኛ ጋ እጁን ዝም ብሎ የሚያስም ትልቅ ሰው ኩሩ ይባላል። ልጁ ይጎትታል፣ አንተ ትሸሻለህ፤ እጅህን ስትከለክለው ወደ ጉልበትህ ይወርዳል፣ አንተ ትከሻውን ይዘህ ታነሳዋለህ። በመጨረሻ ማን እንዳሸነፈ ሳይታወቅ ሁለታችሁም ደስ ብሏችሁ ትቀመጣላችሁ። ጳውሎስ ግን አልታገለም። እጄን እንደለቀቀ ቀና አለ፣ ጆሮው ከፊተኛው ይልቅ ቀላ፤ ሻንጣዬን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ። «ዓይን አፋር ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው» አልኩ በሆዴ።

የሰላማዊት ቤት ሲዋርድ በሚባል ሰፈር ነው። በመንገድ ላይ ዓይኔን ያልነቀልኩት ከቤቶቹ ነው፤ አጥር የላቸውም። እኛ ጋ አጥር የሌለው ቤት ገና ያላለቀ ቤት ነው፤ እነሱ ግን በሣር ላይ ጣል አድርገውት ይኖሩበታል። ዛፎቹ ቅጠላቸውን ጨርሰው ስላራገፉ ሀገሩ ሁሉ ማገዶ መስሎ ታየኝ። ቤት ስንደርስ ሰላማዊት ጥብስና ምስር ወጥ አቀረበች፤ ጳውሎስም አብሮን በእጁ ቆንጆ አድርጎ በላ። ሊሄድ ሲል እሷ ዕቃ ታጥባለች፤ እሱ እንደገና መጥቶ ፊቴ ቆመ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ ያችኑ ቃል ተናገረ። እኔም ሰውየው ምን ያህል ሰው አክባሪ ቢሆን ነው እያልኩ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩት። «በል ደህና ግባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ጥቂት ቆሞ ጠበቀና ሄደ።

ማክሰኞ ሰላማዊት ሥራ ገባች። መስኮቱ ላይ ደማቅ ፀሐይ አየሁና ልሙቅ ብዬ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። እዚያ ሀገር ፀሐይ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት አመዳይ ይወርዳል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ግድግዳ ተደግፈህ ትሞቃለህ፣ ወሬ ትሰልቃለህ። የዚያ ነፋስ ግን ጆሮዬን ሊቆርጠው ደረሰ። ዘወር ስል በሩ በራሱ ተቆልፏል። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ አይፈራም ያልኩትን እዚያው ደጃፍ ላይ ተውኩት።

ያዳነኝ ከጎን ያለው ጎረቤት ነው። አቶ ከድር ይባላል፣ የአሰላ ሰው ነው፣ ታክሲ ይነዳል። ስንቀጠቀጥ አይቶ «ኧረ ይግቡ እናቴ! ምን ሆነው ነው?» አለና ጎትቶ አስገባኝ፤ የሚስቱን ካልሲ አመጣልኝ። ትኩስ ገንፎ በቅቤ ሠራልኝ፤ ገንፎ የሚያገነፋ ወንድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «ሚስቴ ቀን ትሠራለች፣ እኔ ማታ እሠራለሁ። እዚህ ሀገር ሁሉንም ትለምዳለህ» አለኝ። ትንሿ ልጁ ከመኝታ ክፍል ብቅ ስትል «ነይ፣ እማማን ሰላም በይ» አላት። «አይም ቢዚ፣ ዳዲ!» ብላ በሩን ዘጋችው። አቶ ከድር አፍሮ ሳቀ። የእኛ ልጆችም አይሰሙም፤ ልዩነቱ በአማርኛ ነው የማይሰሙት።

ለሰላማዊት ደወለላት። ትርፍ ቁልፍ ያለው ጳውሎስ ጋ ነው ተባለ፤ እነሱ ከሚኖሩበት ከፍሪድሊ ድረስ ይዞ መጣ። እኔ ካልሲ አድርጌ፣ ገንፎ ከፊቴ ተቀምጦ፣ ልመርቀው ተዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። ጳውሎስ ቁልፉን በር ላይ ለአቶ ከድር ሰጠው፤ ወደ እኔ አንዴ አየት አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተመልሶ ሄደ።

«ሥራ ላይ ሆኖ ነው፣ ቸኩሎ ነው» አለ አቶ ከድር። እኔ ግን ተቀየምኩ። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ ለመጣች አሮጊት ሰላምታ እንኳ የሚነፍግ ነው እንዴ ልጄን የሚወስደው? በዚያ ቀን ለሰላማዊት ምንም አልነገርኳትም። እሷም ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር፤ «ደክሞኝ ነው» አለችና ገብታ ተኛች።

ረቡዕ ኦፍ ነበረች። ወፍራም ካፖርት ልትገዛልኝ ወሰደችኝ። ሱቁ እንደ ስቴዲየም ነው፤ ካፖርት ፍለጋ ብቻ አንድ ሰፈር የሚያህል መንገድ ተራመድን። እሷ ግን ስጠይቃት «አዎ»፣ «አይ»፣ «እንደፈለግሽ» እንጂ ሌላ ቃል አይወጣትም። ይህች ልጅ ዝም ካለች ነገር አለ። መኪና ውስጥ ስንመለስ አላስችል አለኝና፣

«ሰላሜ፣ የምታገቢው ልጅ ሰው አያከብርም እንዴ? ትናንት ሰላም ሳይለኝ ሄደ እኮ» አልኳት።

መኪናውን ዳር አስያዘችው። መሪውን እንደያዘች ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እሱ ነው የማያከብርሽ? ሁለት ጊዜ ምርቃት ለምኖሽ ሁለት ጊዜ ከልክለሽው!»

«እኔ? ምን ከለከልኩት?»

«እጅሽን ነጠቅሽው! ማታም ነጠላ ውስጥ ደበቅሽበት! እነሱ ቤት እኮ ልጅ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ስልክ ሲደውል ሳይቀር 'ቤንሳው' ይላል፤ 'ምርቃትዎን' ማለት ነው። ትልቅየው እጁን ሰጥቶ 'እግዜር ይባርክህ' ይለዋል። እጁን ከነሳው... አልፈልግህም ማለት ነው። ከፊቴ ጥፋ እንደማለት ነው። ጳውሎስ 'አክስትሽ አልተቀበለችኝም፣ እንደገና ሄጄ ፊቷ ልቆምባት አልፈልግም' አለኝ። አያቱም ሰማች። አክስትየው እስክትመርቅ ድረስ ሠርግ የለም ብላለች። አዳራሽ ይዘናል፣ ሰው ጠርተናል፤ ቅዳሜ እኮ ነው አክስቴ!»

ወደ እሷ ዞርኩ። «አንቺስ? አንቺ ሀበሻ አይደለሽም? እጅ ሊስም የመጣን ሰው ምን እንደምናደርገው ጠፋሽ?»

«ስልክ ላይ 'የሀገር ልጅ ጠፍቶ ነው ወይ' ብለሽኝ ነበራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደማትወጂው ነው የማስበው።»

ወይ የእኔ አፍ! ከብርዱም የባሰ ነው። «ልጄ» አልኳት፣ «እጄን ነው እንጂ ምርቃቴን መች ነሳሁት? እጄን የነጠቅኩት እኮ አክብሬው ነው።»

ቀስ በቀስ ገባት መሰለኝ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ሳቀች። ጥሩምባው በግንባሯ ተጭኖ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞርብን ድረስ ጮኸ። እኔም ሳቅኩ፤ እየሳቅኩም ፈራሁ።

ወዲያው ለጳውሎስ ደወለችለት። እሱ ነገሩ ገባው፣ ደስም አለው። ችግሩ አያቱ ናት። ዶና ኢኔስ ትባላለች፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ይዛ ከደሴት የመጣች፣ ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ቃል የምታስተዳድር ሴት ናት። ሲነግሯት «በስልክ የተባለ ነገር አልሰማም። እጇን ስትሰጠው በዓይኔ ልይ» አለች። ዓርብ ምሳ ፍሪድሊ እንድንመጣ ተጠራን።

ሐሙስን በልምምድ አሳለፍን። ሰላማዊት ከሥራ ስትመለስ ፊቴ ቆማ «ቤንሳው» ትላለች፣ እጄን ይዛ ጎንበስ ትላለች፤ እጄ የጋለ ብረት ምጣድ እንደነካ ሰው እጅ ወደ ኋላ ይሸሻል። እንደገና ትሞክራለች፣ እንደገና ይሸሻል። ጭንቅላቴ ገብቶታል፣ ክንዴ ግን ዕድሜውን ሙሉ የለመደውን አልረሳ አለ። ካልሲ ልመልስ ብዬ አቶ ከድርን ብጠራው እሱም ነገሩን ሰምቶ «እስቲ በእኔ ይሞክሩ» አለ። ሰላማዊት ልትስመው ጎንበስ ስትል ራሱ አቶ ከድር ብድግ ብሎ «ኧረ ተይ እኅቴ!» እያለ ኩሽና ድረስ ሸሸ። ሦስታችንም በሳቅ ፈነዳን። እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ ቀን ምግብ አልበላልኝም። ያሳደግኳትን ልጅ ትዳር በክንዴ ላበላሽ ነው እያልኩ ስቃትት ዋልኩ።

ዓርብ ፍሪድሊ ሄድን። ሰላማዊት መንገድ ላይ «ስትሬስ አታድርጊ አክስቴ» ትለኛለች፤ እሷ ራሷ መታጠፊያውን አልፋ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። የእነ ጳውሎስ ቤት ትንሽ፣ ነጭ፣ እንደሌሎቹ አጥር የሌላት ናት። ገና ከበሩ ስንገባ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ሽታ ተቀበለን። ዶና ኢኔስ ኩሽና ውስጥ ጥቁር ለብሳ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ወደ እኔ አንዴ ቀና ብላ አየችና ወደ ድንቿ ተመለሰች። ቁጭ በይም አላለችኝ።

ቆሜ ሳለሁ የቤቱ ሰው ይገባ ጀመር። አንዲት ወጣት፣ የጳውሎስ እኅት፣ ገባች፤ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ አሮጊቷ ሄዳ «ቤንሳው» አለች፣ እጇን ሳመች። አሮጊቷ ከድንቹ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ አንድ ነገር አለች፤ ልጅቷ ሄደች። ቀጥሎ የጳውሎስ አባት ከነሥራ መታወቂያው ከፋብሪካ ገባ። ልብ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ የሚሠራበት ፋብሪካ ነው አሉ። ፀጉሩ ሽበት የወረረው፣ ቦርጫም ሰው ነው። እሱም እንደ ሕፃን ጎንበስ አለ፤ ቢላዋ የያዘችበትን እጅ ሳመ፣ ተመረቀ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ውኃ ጠጣ።

ገረመኝ። እኛ ጋ ምርቃት ትልቅ ነገር ነው። ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለመንገደኛ ይጠበቃል፤ ሲመጣ ደግሞ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆሞ ነው። እነሱ እንደ «ደህና ዋልሽ» በየበሩ ይቀባበሉታል፤ በቀን ምን ያህል እንደሚመረቁ ፈጣሪ ይወቀው። ያ ቦርጫም ሰውዬ ያን እጅ ሳይስም ውኃ እንኳ አለመጠጣቱን ሳይ የጳውሎስ ጆሮ ለምን እንደቀላ በደንብ ገባኝ። አዘንኩለት። በራሴም ተናደድኩ።

ጳውሎስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እሱ እንደገና ቀድሞ መጥቶ እንዲለምነኝ እንዴት እጠብቃለሁ? እጄን ዘርግቼ «ና ሳም» ማለት ደግሞ ብሞት አይሆንልኝም፤ የትኛዋ ባለጌ ናት እጇን ዘርግታ የምትጠራ? ሰላማዊት በዓይኗ ትለምነኛለች። ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝ። አሮጊቷ በዕድሜ ታላቄ ናት። ካፖርቴን አውልቄ ለሰላማዊት ሰጠሁ፤ ወደ ዶና ኢኔስ ሄድኩና ፊቷ ጎንበስ ብዬ፣

«ቤንሳው» አልኳት።

ቢላዋው ቆመ። እጇን ያዝኩና ሳምኩት። አልነጠቀችኝም። እኔ በልጅነቴ ያልታገለኝን ትልቅ ሰው እጅ ስሜ አላውቅም፤ ይህ እጅ ግን ርጥብና ሞቃት ሆኖ፣ ድንች ድንች እየሸተተ እጄ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቀስ ብላ፣ ዓይኔን እያየች፣ ያን አጭር ምርቃት ሰጠችኝ። ቋንቋውን አላውቀውም። እኔ የሰው ልጆች ስመርቅ የኖርኩ ሴትዮ ግን ለራሴ ሲደርሰኝ እንደ ሕፃን ዝቅ ብዬ ተቀበልኩት።

ከዚያ ጳውሎስ መጣ። ማንም አልጠራውም፤ ራሱ መጣ። «ቤንሳው፣ ቲያ አስካለ» አለ፤ ቲያ አክስቴ ማለት ነው፣ አስካለ የእኔ ስም ነው። ቀኝ እጄን ያዘ። ክንዴ ሊሸሽ ሲነሣ ተሰማኝ! በግራ እጄ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጥርሴን ነክሼ ጨመደድኩት፤ ሰላማዊት ደግሞ ከኋላ ክርኔን ይዛዋለች። ሳመው። ኩሽናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አፌን ያያል። ሰላማዊት ሐሙስ ያስጠናችኝ የፖርቱጋልኛ መልስ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፍቷል። ስለዚህ በማውቀው ገባሁበት። ሁለት እጆቼን ዘረጋሁና፣

«ትዳራችሁን ይባርከው!» አልኩ።

«አሜን» አለች ሰላማዊት ብቻዋን።

«ጎጆአችሁን ያሙቀው! ውለዱ፣ ክበዱ! ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ቀን ይሰውራችሁ!»

«አሜን» አለ አሁን ጳውሎስ፣ ቀጥሎ እኅቱ፣ ቀጥሎ አባቱ ውኃውን እንደያዘ።

«የነካችሁት ይባረክ! ያያችሁ ይውደዳችሁ! አንተም ልጄ ነህ፣ ለእሷ ከለላ ያድርግህ! በሄዳችሁበት ቀኝ ያውላችሁ!» አልቆም አልኩ። ከሰኞ ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ወጣ። ዶና ኢኔስ «አሜን» ስትል ከሁላችንም ድምፅ የእሷ ይበልጥ ነበር። ስጨርስ ምድጃ ላይ ያለው ነጭ ሽንኩርት ሊያር ደርሶ ነበርና የጳውሎስ አባት እየሮጠ ከእሳት አወረደው።

አሮጊቷ አንድ ነገር ተናገረች። ጳውሎስ በእንግሊዝኛ፣ ሰላማዊት በአማርኛ እየተቀባበሉ አደረሱልኝ፤ «ይህ ሁሉ ለአንድ ጊዜ ነው? ለዓመት ይበቃዋል» ነው ያለችው። ከዚያ በቢላዋዋ ወንበር አሳየችኝ፤ ከጎኗ ያለውን ነው።

ጾም ነው ብዬ ላስረዳ ስጀምር እሷም ዓርብ ሥጋ አትበላም ኖሯል። የደረቀ ዓሣ ከድንችና ከጎመን ጋር ቀቅላ ዘይት አፍስሳበታለች። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፤ እኔ በላሁ። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ከሩቅ መንገድ ሸክም ተሸክሞ መጥቶ ያወረደ ሰው ነው የመሰልኩት። በመልሱ መንገድ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ ሰላማዊት ሲዋርድ ስትደርስ ነው የቀሰቀሰችኝ።

ቅዳሜ ሠርጉ ሆነ። ሰላማዊት እዚያ ሄዳ ጴንጤ ስለሆነች አማርኛ የሚሰበክበት ቸርቻቸው ውስጥ ነው የተጋቡት፤ ከበሮ ቢኖርም ጽናጽል የለም፣ በዚያ ጥቂት አጉረምርሜያለሁ። ፓስተሩ ሲጸልይ እኔም በውስጤ የራሴን ጨመርኩ። አቶ ከድር ከነሚስቱ መጥቶ እስክስታ ሲወርድ የጳውሎስ አባት ትከሻው ይነቀል ይመስል ተከተለው። ሁለቱን ብርድ ልብሶች ስንሰጥ ዶና ኢኔስ ዳሰሰቻቸውና በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች፤ የልብስ ውፍረት የምታውቅ ሴት ናት። ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ ስትስቅ ሳያት እህቴ ማየት የነበረባትን እኔ አየሁላት ብዬ አለቀስኩ፤ ደስታ ነው፣ ሌላ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የቆየሁት ለጥቂት ቀናት ነው። ጳውሎስ በመጣ ቁጥር እጄን ይስማል፣ በሄደ ቁጥር ይስማል። ክንዴ ቀስ በቀስ ለመደ። እንዲያውም አንድ ቀን ስልክ እያወራ ሳይስመኝ ሊወጣ ሲል «ጳውሎስ!» ብዬ ጠርቼዋለሁ። ሰላማዊት ይህንን ለሀገሩ ሁሉ ነገረች።

የተመለስኩበት ቀን ወደ አውሮፕላን ጣቢያው ስንሄድ ፍሪድሊ ጎራ አልን፤ ሳልሰናበታት አልሄድም አልኩ። ዶና ኢኔስ ደጃፏ ላይ፣ ሹራብ ደርባ ቆማ ትጠብቀኛለች። ለመንገድ ትልቅ ጣፋጭ ዳቦ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላልኛለች፤ ከድፎ የሚለየው ኮባ ስለሌለው ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ «ቤንሳው» አልኳት፣ መረቀችኝ። ዘወር ልል ስል እጄን አልለቅ አለች። ጳውሎስን ጠርታ ረዘም ያለ ነገር ነገረችው። እሱም ወደ ሰላማዊት ዞሮ ሲናገር ድምፁ ተለወጠ።

«አክስቴ» አለች ሰላማዊት፣ «እናቷ፣ አክስቶቿ፣ የክርስትና እናቷ፣ ሁሉም ሞተዋል ትላለች። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ምርቃት የሚለምነው እሷን ነው፤ እሷ የምትለምነው ሰው ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኗል። አንቺ መርቂኝ ትላለች።»

«እኔ? ታናሿ አይደለሁ እንዴ!»

ሲተረጎምላት እጇን አወዛወዘች፤ «ረዥሙን መርቂኝ» አለች፤ እንደ ዓርቡ።

ምን እላለሁ? ሁለት እጆቼን ዘረጋሁ። ነፋሱ ይጋረፋል። «ጤናሽን ይስጥሽ» አልኩ፤ አሜን አሉ። «ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የእነዚህን ልጅ ታቀፊ። እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን።» ወደ መጨረሻው እኛ ለትልልቅ ሰዎች የምንለውን አልኩ፣ «አሟሟትሽን ያሳምርልሽ።»

ሰላማዊት ፊቷ ተለወጠ። «አክስቴ፣ ይሄንንማ አልተረጉምም! ሞት ተመኘችልኝ ትላለች እኮ።»

«ተርጉሚ» አልኳት።

እያመነታች ለጳውሎስ ነገረችው። እሱም እያመነታ፣ መሬት መሬት እያየ ለአያቱ ነገራት። ዶና ኢኔስ ሹራቧን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። እንዳስቀየምኳት ጠርጥሬ እጄን ላወርድ ስል ጨብጣ ያዘችው፤ ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ ጥርሶቿ ሁሉ እስኪታዩ ሳቀች፤ አንድ ቃል ብቻ ለጳውሎስ ነገረችው።

«ጨምሪ ትላለች» አለችኝ ሰላማዊት።

ጨመርኩላት።